ማኬቱ ውስጥ ያልገባው ጋሪ

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ሊገዛ ወደ ሪል ስቴት ሽያጭ ቢሮ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ማኬቱ ላይ ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከሥሩ መብራት በርቶለት፣ ሃያ ፎቅ በክንድ ቁመት ቆሟል። በየበረንዳው የምስማር ራስ የምታክል ወንበር አለች። መንገድ ዳር ከስፖንጅ የተሠሩ ዛፎች ተደርድረዋል፤ አስፋልቱ ላይ የጥፍር ያህል መኪኖች ተለጥፈዋል። ሻጩ “መዋኛው እዚህ ጋ ነው፣ የልጆች መጫወቻው እዚያ” እያለ በእስክሪብቶ ያመለክታል፤ ገዢው ጎንበስ ብሎ የራሱን መስኮት ይፈልጋል።

በዚያ ሣጥን ውስጥ ሙዝ የጫነ ጋሪ የለም። በቆሎ ጠባሿ፣ ሊስትሮው፣ ጀብሎው፣ ጉሊቷ፣ አንዳቸውም አልገቡም። ሕንፃው አልቆ ሰው ሲገባበት ግን ከመዋኛው ቀድሞ ሥራ የሚጀምረው ጋሪው ነው። ከግቢው በር ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ነዋሪውም ማምሻውን ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ ሁለት ኪሎ ሙዝ ይቀበላል። ከማኬቱ የቀረው ቦታ ጠቦ አይደለም። ማኬቱ በ1 ለ 100 ቢሠራ የሁለት ሜትር ጋሪ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ የክብሪት እንጨት ግማሽ ያህል ነው የሚሆነው። ያልገባው ማንም ስላላሰበው፣ ወይም አስቦ ስላልፈለገው ነው።

ልትገነባ ያሰበችውን በማኬት ማሳየት የምታውቅ ከተማ፣ ከመንገዷ ላይ እያነሳች ያለችውንም በማኬት ማስቀረት ይገባታል። ጋሪው ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ነው፤ በትክክል ተለክቶ፣ ከነጭነቱና ከነጉድለቱ። ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ጋሪዎቹን ሳይለካ ያሰናበተ ከተማ ምን እንዳጣ ያየ ሰው ግን እንደዚያ አይልም።

ኒው ዮርክ ጥሩ ማሳያ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በማንሃተን ታችኛው ምሥራቅ ክፍል፣ በሄስተርና በኦርቻርድ ጎዳናዎች፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ በሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ዓሣ፣ ድንች፣ መነጽር፣ የልብስ ቁልፍ፣ ስንጥቅ እንቁላል ሳይቀር ይሸጡ ነበር። ጥቂት አለፍ ብሎ በመልበሪ ጎዳና ደግሞ ጣሊያኖቹ አትክልትና ፍራፍሬ ደርድረዋል። ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ሐሙስ ማታና ዓርብ ጠዋት፣ ሄስተር ጎዳና ላይ እግር መጣያ አይገኝም። የብዙው ነጋዴ ጋሪ የራሱ አልነበረም፤ ከአከራይ በቀን 10 ሳንቲም ገደማ ይከራየዋል፣ ማታ ይመልሰዋል። ቋንቋው ላልገባው፣ መነሻ ገንዘብ ለሌለው ስደተኛ ከመርከብ በወረደ በሳምንቱ ነጋዴ የሚሆንበት መንገድ ይሄ ነበር።

የከተማው ደንብ ባለ ጋሪ በአንድ ቦታ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይቆም ያዝዝ ነበር። ገበያ ግን በ30 ደቂቃ አይሆንም፤ ደንበኛ ሰውየውን የሚያውቀው በቆመበት ቦታ ነው። በደንቡና በኑሮው መካከል ያለውን ክፍተት ቅጣትና ጉቦ ሞሉት። ከንቲባው ያቋቋመው ኮሚሽን ስለ ጋሪዎቹ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1906 ሪፖርት ቢያወጣም ነገሩ እስከ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ዘመን ተንከባለለ። እ.ኤ.አ. በ1934 ከንቲባ የሆነው ላጋርዲያ የጣሊያናዊ አባትና የአይሁድ እናት ልጅ ነው፤ ጋሪ ከሚገፉት ከሁለቱም ወገን ይወለዳል። በእሱ ዓይን ግን ጋሪው የድህነት ምልክትና የመንገድ እንቅፋት ነበር። ነጋዴዎቹን ወደ አዳራሽ አስገባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 በምሥራቅ ሃርለም ከባቡር ድልድይ ሥር፣ በ1940 በኤሴክስ ጎዳናና በብሮንክስ አርተር አቬኑ።

ላጋርዲያን መኮነን ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አዳራሹ ጣሪያና ውኃ ነበረው፤ በረዶ በሚጥልበት ወር ጣት አያደነዝዝም። ኤሴክስ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛውሮ ዛሬም ሰው ይገበይበታል። ይሁን እንጂ ከባለ ጋሪዎቹ ብዙዎቹ በአዳራሹ ውስጥ ቦታ አላገኙም። ለጋሪውማ ማን ተጨንቆ?

ደግነቱ ካሜራ ነበር። ቤረኒስ አቦት እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ እየተለወጠች ያለችውን ኒው ዮርክ በፎቶግራፍ ስትመዘግብ፣ በ1938 ኦርቻርድና ሄስተር ጎዳናዎች ከሚገናኙበት ማዕዘን የበቆሎ ጠባሹን አንስታዋለች። ክረምት በገባ ቁጥር በየታክሲ ተራው የበቆሎ ጭስ የሚሸተው የአዲስ አበባ ሰው ለዚያ ፎቶ አስተርጓሚ አያሻውም። ፎቶ ግን የሚያሳየው አንድ ጎን ብቻ ነው፤ የጋሪውን ሆድ አያሳይም። ዘንጉ ከመደቡ ጋር በምን ተያዘ? ማቆሚያ እግሩ ታጣፊ ነው ወይስ በምስማር የተመታ? ሳንቲሙ የሚገባበት መሳቢያ በየት በኩል ነው? ዛሬ የዚያን ዘመን ተራ ጋሪ በማኬት ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው አጉሊ መነጽር ይዞ ፎቶ ሲመረምር ይውላል፤ ያላየውንም በግምት ይሞላል።

ጌጠኛው ጋሪ ግን ሌላ ዕድል ነው የገጠመው። የቺካጎው ቻርለስ ክሪተርስ በእንፋሎት የሚሠራ የፈንዲሻ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1893 በከተማው በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ፤ ቆየት ብሎም ድርጅቱ በፈረስ የሚጎተት የፈንዲሻ ሠረገላ ሠራ። በቀለምና በሚያብረቀርቅ ብረት ያጌጠ፣ ጎኑ መስታወት ነው፤ ኦቾሎኒ መቁያውን ደግሞ አንድ ትንሽ አሻንጉሊት ቀልደኛ በእጁ የሚያሽከረክረው ይመስላል። ይህን ሠረገላ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል፣ ሙዚየሞች አድሰው ያቆሙታል፣ ማኬት ሠሪዎችም ይወዱታል። የፋብሪካ ዕቃ ስለነበር ከነዝርዝሩ ተርፏል። የሄስተር ጎዳናው ጋሪ ጌጥ አልነበረውም። ከሁለቱ ግን ብዙ ቤተሰብ ያበላው የትኛው እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ታዲያ ተራ ጋሪ በማኬት ሲሠራ ምን ይገኛል? ሥራው ራሱ ይመልሳል።

መጀመሪያ ስኬል ይመረጣል። በጫማና በኢንች በሚለኩ አገሮች ብዙው ሰው 1 ለ 12 ይጠቀማል፤ አንድ ጫማ አንድ ኢንች ይሆናል ማለት ነው። በሜትር ለሚለካ ሰው 1 ለ 10 ይቀላል፤ ሜትሩ አሥር ሴንቲ ይሆናል፣ ሂሳቡም በቃል ያልቃል። ዘጠና ሴንቲ ሜትር የነበረው የእንጨት ጎማ ዘጠኝ ሴንቲ ላይ ይወርዳል። ፈተናውም ከዚሁ ይጀምራል።

የድሮ የእንጨት ጎማ አንድ ወጥ ክብ አይደለም። በብዙው ጎማ ላይ ስድስት ቅስት እንጨቶች ገጥመው ክቡን ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ቅስት ሁለት ሁለት ራጂ ይቀበላል፤ አሥራ ሁለቱ ራጂዎች መሃል ላይ፣ መካኒኮች ሞዞ የሚሉት እምብርት ውስጥ ይሰካሉ። ይህን ሁሉ አንቆ የሚይዘው ዙሪያውን የሚታሰረው ብረት ነው። አንጥረኛው የብረቱን ቀለበት ከጎማው በትንሹ አጥብቦ ይሠራዋል፤ በእሳት ሲግል ይሰፋና ይገባል፤ ውኃ ሲደፋበት ይኮማተራል፣ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ያጠብቃቸዋል። በማኬቱ ላይ የዚህ ምትክ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ቀጭን ጥብጣብና ጠንካራ ኮላ ነው። ራጂው ከስቴኪኒ ሊሠራ ይችላል፤ አሥራ ሁለቱን እኩል አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ግን አንድ ቅዳሜ ይፈጃል።

ጀማሪ ሠሪ ጎማውን እንደ ሳህን መክደኛ ጠፍጣፋ አድርጎ ያወጣዋል። ገጥሞ ሲያቆመው የሆነ ነገር ይጎድለዋል፤ ምን እንደሆነ አያውቀውም። የጎደለው ጎድጓዳነቱ ነው። የድሮ ጎማ ራጂዎች ከእምብርቱ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ስለሚሉ ጎማው እንደ ምጣድ ጎድጎድ ይላል፤ ጋሪው ወደ ጎን ሲያዘነብል ጭነቱ የሚገፋውን ግፊት የሚችለው በዚህ ቅርጹ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ከመጽሐፍ ሊያነበው ይችላል። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጎማ በእጁ ሠርቶ ያበላሸ ሰው ግን አይረሳውም።

ከጎማው ቀጥሎ ዘንጉ ይመጣል። ዘንጉ ከጭነቱ መሃል ሥር ከሆነ ክብደቱን ጎማው ይሸከመዋል፤ ሰውየው የሚገፋው ብቻ ነው። ወደ አንዱ በኩል ከሸሸ ግን ጭነቱ ክንድ ላይ ይወድቃል። በ1 ለ 10 ማኬት ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሳተ ሠሪ በእውነተኛው ጋሪ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ስቷል፤ ያቺን አሥር ሴንቲ ሜትር ቀኑን ሙሉ የሚከፍላት የአንድ ሰው ወገብ ነው። የጎማው ትልቅነትም ለጌጥ አይደለም። ድንጋይ ንጣፍ ላይ ትንሽ ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ይሰምጣል፣ ትልቁ ያልፈዋል።

የጋሪው ገጽም ይናገራል። በለንደን የጋሪ አከራዮች ስማቸውን በጋሪው እንጨት ላይ ያስቀርጹ ነበር፤ ቀለም በሌላ ቀለም ይሸፈናል፣ የተቀረጸ ስም ግን ለሌባ አይመችም። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሂው እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው የለንደን ድሆች ጥናት የከተማዋን የፍራፍሬ፣ የአትክልትና የዓሣ አዟሪዎች ከነቤተሰባቸው ወደ 30,000 ገምቷቸዋል። የማን ጋሪ እንደገፉ በጋሪው ጎን ላይ ተጽፏል፤ የእነሱ ስም ግን የለበትም። ቅርጹን በትክክል ያወጣ ማኬት የኪራዩን ታሪክ አብሮ ያወጣል።

ጭነቱ የሥራው ደስታ ነው። በ1 ለ 10 ስኬል ሽምብራ ብርቱካን ይሆናል፤ አተር ቀይ ሲቀባ ቲማቲም ይወጣዋል። ሙዙ ከሸክላ ጭቃ ይጠቀለላል፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። ቀለሙን ከዋናው ገረጣ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የትልቁ ዕቃ ቀለም እንዳለ ትንሹ ላይ ከተቀባ ጠቁሮ ይታያል። ክብደት ብቻ በዚያው ልክ አይቀነስም። ርዝመት በአሥር ሲካፈል ክብደት በሺህ ይካፈላልና፣ ሁለት መቶ ኪሎ የጫነ ጋሪ በማኬት ሁለት መቶ ግራም ነው። ሕፃን በአንድ ጣቱ ይገፋዋል። ማኬቱን የሚያሳይ ተቋም ይህን ቢያንስ በአንድ መስመር ሊጽፈው ይገባል፤ አለዚያ ተመልካቹ “እንዴት ደስ ይላል” ብሎ ያልፋል፣ ድካሙንም ሳያውቀው ይቀራል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ እጅ እንግዳ አይደለም። የሰርዲን ቆርቆሮን አካል፣ ቆርኪን ጎማ አድርጎ መኪና የሠራ ልጅ በየሰፈሩ ነበር። ሽቦ አጣምሞ መሪ ያወጣው፣ ጣውላ ላይ አራት ኩሽኔታ ገጥሞ ቁልቁለት የወረደው እሱ ነው። ኩሽኔታ፣ ራጂ፣ ባሌስትራ፣ ሞዞ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው ጋራዥ ውስጥ አማርኛ ሆነዋል። የጎደለው ሙያው አይደለም፤ ለአካለ መጠን ሲደርስ ያንን ሙያ እንደ ቁም ነገር የሚቀበለው ቦታ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ኒው ዮርክ ያጣችው ነገር አሁንም በእጇ ነው። ጋሪው ገና በሕይወት አለ። ከማዕዘን ብረት የተበየደ ክፈፍ፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ጎማ፣ ጣውላ መደብ። በጎኑ የታሰረ የፌስታል ክምር፣ ከካርቶን የተቀደደ የዋጋ ማስታወቂያ፤ የትናንቱ ዋጋ ተሰርዞ የዛሬው ከጎኑ ተጽፎበታል። ያን ካርቶን ከነስርዙ በማኬት ላይ የሚለጥፍ ሰው የኑሮ ውድነትን በአንድ ጥፍር ስፋት ጽፎ አስቀመጠ ማለት ነው።

ይሄ ጋሪ ግን ቦታው እየተቀያየረ ነው። የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከ2013 ጥምቀት በፊት ደግሞ ጃንሜዳን ለቆ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ከዓመት ባነሰ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተነሳ ማለት ነው። ቲማቲምና ሽንኩርት በጋሪ ከጭነት መኪና ወደ መደብ የሚመላለስበት የዚያ የፒያሳ ጭቃ ስፋት፣ የመተላለፊያው ጥበት፣ ሁለት ጋሪ ሲገናኝ ማን ለማን ወደ ኋላ እንደሚል፣ ይህን ለክቶ ያስቀመጠ ማኬት በአደባባይ አልታየም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የእግረኛውን መንገድ አስፍቶ፣ መብራት ተክሎ፣ የፒያሳን ገጽታ ለውጦታል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ መልካም ነው፤ ዓይነ ስውሩም፣ ሕፃን ያዘለችውም ይራመዱበታል። ግን ጠርዙ ላይ ማን ይቆም እንደነበር የሚያሳይ ነገር ይኑር ማለት ልማቱን መቃወም አይደለም።

“ሰው በልቶ ማደር ባቃተው ጊዜ የአሻንጉሊት ጋሪ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ይገባል። ማኬቱ ለባለ ጋሪው የመሥሪያ ቦታ አይሰጠውም፤ ፈቃድም አይሆነውም። ነገር ግን ስለ ጋሪ የሚወጣ ደንብ በልኬት ቢጻፍ ለእሱም ለእግረኛውም ይበጃል። በዛሬይቱ ኒው ዮርክ የምግብ ጋሪ ስፋቱ ከ5 ጫማ፣ ርዝመቱ ከ10 ጫማ እንዳይበልጥ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር ገደማ እንዲሆን በደንብ ተወስኗል። ከሕንፃ በርና ከእግረኛ ማቋረጫ ስንት ጫማ መራቅ እንዳለበትም ተጽፏል። በዚያው ከተማ የፈቃዱ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1983 ተገድቦ ለብዙ ዓመታት ሰዎች ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ስለዚህ ልኬት ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ቢሆንም ያልተለካ ጋሪ “መንገድ ዘጋ” ሲባል መልስ የለውም። ማኬቱ ከነእግረኛ መንገዱ፣ ከነጠርዙ፣ ከነፍሳሹ ከተሠራ ግን ጋሪው ስንት ሴንቲ እንደወሰደና ለእግረኛ ስንት እንደተረፈ ባለሥልጣኑም ነጋዴውም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ያያሉ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው የሪል ስቴቱ ማኬት ብቻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ “ስልክ እያለ ለምን እንጨት መጋዝ?” የሚል ነው። ስልክ ላዩን በደንብ ያነሳል። ብየዳው የት ላይ ተሰንጥቆ እንደገና እንደተበየደ፣ ብሎኑ ለምን በሽቦ እንደተተካ ግን የሚገባው ያንኑ መልሶ ሊሠራ የሞከረ ሰው ነው። ሦስተኛው ስጋት ከሁለቱም የከበደ ነው፤ ማኬት ድህነትን ያሳምራል። እውነት ነው፣ ያሳምራል፤ የሚያሳምር ሰው ከሠራው። ዝገቱን ቀብቶ የሚያጠፋ፣ የተሰበረውን መያዣ አዲስ አድርጎ የሚያወጣ ሠሪ የሆቴል ጌጥ ነው የሠራው። ለዚህ መድኃኒቱ ባለ ጋሪውን መጠየቅ፣ ለሰዓቱም መክፈል፣ ማኬቱ ሲያልቅም “የጎደለው ምንድን ነው?” ብሎ ማሳየት ነው።

ሥራው ከባድ በጀት አይፈልግም። ልደታ ያሉት የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ ማኬት ይሠራሉ፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ጋሪ ቢሆን የትምህርቱ ደረጃ አይወርድም። ተግባረ ዕድና ሌሎቹ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የብየዳና የእንጨት ሥራ ክፍል አላቸው፤ እውነተኛውን ጋሪ ማን እንደበየደው የሚያውቁትም እነሱው ናቸው። ማስቀመጫ አልጠፋም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሰውን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል፤ በመሃል ካለው የሥራ ዘመን ውስጥ የከተማ ጋሪ ቢገባ ቦታው ነው። በራስ ብሩ ቤት ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየምም የከተማዋን ታሪክ ለማሳየት የቆመ ነው።

ለመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ ደብተርና ገበያ የሚቀዘቅዝበት ሰዓት ነው። ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ መደቡ ከመሬት ያለው ከፍታ ይለካል። ዘንጉ ከፊት ጠርዝ በስንት ሴንቲ እንዳለ ይጻፋል። ሚዛኑ የት ይሰቀላል? ዝናብ ሲመጣ ሸራው ከየት ይወጣል? ደንብ አስከባሪ ሲታይ መጀመሪያ የሚነሳው ዕቃ የቱ ነው? ከዚያም ጎንበስ ተብሎ ከጎማው ሥር ያለው ይታያል፤ ቁልቁለት ላይ የቆመውን ጋሪ ይዞ ያዋለው ጡብ ስባሪ። በ1 ለ 10 ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። እሱም ይለካል፣ ይጻፋል፣ ጣውላና ኮላ ሲገዛ አብሮ ይታሰባል።